ነጥብ፣ ቁጥር፣ ዓረፍተ ነገር፦ ተዛምዶ ወደ ትምህርት ቤት የመጣበት መንገድ

በ1899 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ዩድኒ ዩል የተባለ የ28 ዓመት ብሪታኒያዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ስለ እንግሊዝ ድሆች አንድ ጥናት አሳተመ። ጥያቄው በዘመኑ ፖለቲከኞችን ጎራ ያስለየ ነበር፤ ድሃውን ወደ መጠለያ ሳያስገቡ እቤቱ እንዳለ መርዳት የተረጂውን ቁጥር ያበዛዋል ወይስ አያበዛውም? ዩል ከ1871 እስከ 1891 ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የየአካባቢውን አኃዝ አሰባሰበ፤ የአረጋውያኑን ድርሻና የሕዝቡን ዕድገት ከግምት አስገብቶ ሒሳቡን ሠራ፤ በመጨረሻም ለውጡ በአብዛኛው በእርዳታ አሰጣጡ ምክንያት የመጣ ነው ብሎ ጻፈ። ጽፎ ግን ልቡ አላረፈም። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ማስታወሻ ጨመረና፣ በጥብቅ አነጋገር «በዚህ ምክንያት» የተባለው «ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ» ተብሎ እንዲነበብ አሳሰበ። ዋናው ጽሑፍ ያለውን የግርጌ ማስታወሻው ሻረው ማለት ነው። ዩልን ያስቸገረው ሒሳቡ አልነበረም፤ ሒሳቡንማ ከፊሉን የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። ያስቸገረው የሒሳቡን ውጤት በሰው ቋንቋ ልኩን ጠብቆ መናገሩ ነው። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በስታቲስቲክስ ፈተና ላይ ነጥብ የሚያጡት በአብዛኛው እዚያው ቦታ ላይ ነው። «ሒሳብ ውስጥ ድርሰት ምን ሊሠራ ገባ?» ለሚሉም መልሱ ያለው በዚሁ ታሪክ ውስጥ ነው፤ ተዛምዶ ሲወለድ ሥዕልና ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ቁጥሩ ኋላ የመጣ ነው፣ ቁጥሩ ከሁለቱ ተነጥሎ ብቻውን በሄደባቸው ጊዜያት ደግሞ ብዙ ጥፋት ደርሷል።

የነጥብ ሥዕሉ፣ ማለትም ስካተር ፕሎት፣ የዘገየ ፈጠራ ነው። ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የመስመርና የዓምድ ግራፎችን አስተዋውቋል፤ በ1801 ደግሞ ክቡን ግራፍ ጨምሯል። ሁለት መለኪያዎችን አንዱን በአግድም ሌላውን በሽቅብ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ጥንድ በአንዲት ነጥብ ማሳየት ግን ለእሱ አልታየውም። ይህን ለቁም ነገር ያዋለው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ኸርሸል ነው፤ በ1832 ለለንደኑ የሥነ ፈለክ ማኅበር ባቀረበው፣ በ1833ም በታተመው ጥናቱ። ኸርሸል አንዱ ሌላውን የሚዞሩ የጥንድ ኮከቦችን ምህዋር ማወቅ ፈልጎ ነበር። ጋማ ቨርጂኒስ በተባሉት ጥንዶች ላይ ልዩ ልዩ ተመልካቾች በልዩ ልዩ ዘመን የወሰዷቸው ልኬቶች በእጁ ነበሩ፤ ነገር ግን ልኬቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ዘረጋና ዓመቱን በአግድም፣ የሁለቱን ኮከቦች ማዕዘን በሽቅብ አድርጎ ነጥቦቹን አኖረ። ከዚያ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በመስመር አላያያዘም። በመካከላቸው የሚያልፍ፣ አንዳንዱን ከላይ አንዳንዱን ከታች የሚተው ለስላሳ መስመር በእጁ ሳለ። እያንዳንዱ ልኬት ሊሳሳት ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲታዩ ግን ስሕተታቸው ይጠፋፋል፤ የሠለጠነ ዓይንም በጥቂት ልኬቶች ላይ ከተመሠረተ ረጅም ቀመር የተሻለ ፍርድ ይሰጣል የሚል እምነት ነበረው። የኸርሸል አንዱ ዘንግ ጊዜ ስለሆነ ይህ እውነተኛ የነጥብ ሥዕል አይባልም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ለታሪክ ጸሐፍት ይቆይ፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ከነጥቦቹ ጀርባ ያለ ሕግን ለማየት የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይን እንደነበር ነው።

ተዛምዶን እንደ ሐሳብ ያገኘው የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ ፍራንሲስ ጋልተን ነው፤ ያገኘበት መንገድም የሚደንቅ ነው። መጀመሪያ በ1875 በመጠን የተለዩ የአተር ዘሮችን ለሰባት ወዳጆቹ ላከ፤ እነሱም ዘርተው ምርቱን መለሱለት። የትልልቆቹ ዘሮች ልጆች ትልልቅ ነበሩ፤ ግን የወላጆቻቸውን ያህል አይደለም። ከዚያ ወደ ሰው ተሻገረ። በ1884 ለንደን ላይ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የጤና ኤግዚቢሽን ውስጥ የመለኪያ ክፍል ከፍቶ፣ ሦስት ፔንስ እየከፈሉ ቁመታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የእጃቸውን ጉልበትና የዓይናቸውን ጥራት ያስለኩ 9,337 ሰዎችን መዘገበ። (ሰው ከፍሎ የምርምር መረጃ እንዲሰጥ ማድረግ የቻለ ተመራማሪ እስከ ዛሬም ብዙ የለም።) በ1886 ባሳተመው ጥናት ደግሞ በሽልማት ያሰባሰበውን የቤተሰብ መዝገብ ተጠቅሞ የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 አዋቂ ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ስለሚያጥሩ የሴቶቹን ቁመት ሁሉ በ1.08 አባዛ፤ የእናትና የአባትን አማካይ ወሰደ፤ የወላጆቹን በረድፍ፣ የልጆቹን በዓምድ አድርጎ በየሳጥኑ የሚወድቀውን የሰው ብዛት ጻፈ። ቁጥሮቹ እንዳይዘበራረቁ ጎን ለጎን ያሉ አራት አራት ሳጥኖችን እያማከለ አለሰለሳቸው። በሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው፣ በራምስጌት አቅራቢያ ባለች ትንሽ ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ ደብተሩን ገልጦ ይህን ሥዕል ሲመለከት፣ እኩል ቁጥር የያዙት ሳጥኖች አንዱ በሌላው ውስጥ የተሰደሩ ሞላላ ቀለበቶች መሥራታቸውን አየ። ሒሳቡን ራሱ መፍታት ስላልቻለ የካምብሪጁን ሒሳብ አዋቂ ሃሚልተን ዲክሰንን ጠየቀ፤ ዲክሰንም በቀመር አረጋገጠለት።

የዚህን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ማየቱ ቀደመ፤ ቀጥሎ በተራ ቋንቋ የተነገረ ፍርድ መጣ፦ ወላጆቻቸው ከአማካዩ በሦስት ኢንች የሚረዝሙ ልጆች፣ በአማካይ ሲታዩ፣ ከአማካዩ የሚረዝሙት በሁለት ኢንች ያህል ነው። «በአማካይ ሲታዩ» የምትለው ሐረግ ከዓረፍተ ነገሩ ብትወጣ ግኝቱ ውሸት ይሆናል፤ ከወላጆቻቸው የሚበልጡ ልጆች በሠንጠረዡ ውስጥ ሞልተዋልና። ጋልተን በ1888 መጨረሻ ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ግንኙነቱን ወደ አንድ ቁጥር ሲያጠቃልል እንኳ፣ እያንዳንዱን መለኪያ በራሱ ስርጭት ካመጣጠነ በኋላ ነጥቦቹን በወረቀት ላይ አኑሮ፣ መስመሩን በዓይኑ አስተካክሎ ስሎ፣ የመስመሩን ዘንበል ከሥዕሉ ላይ አንብቦ ነው። የክንድና የቁመት ተዛምዶ 0.8 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ የሥዕሉ ማጠቃለያ ነበር እንጂ ተተኪው አልነበረም።

ከሥዕሉ ያላቀቀው ካርል ፒርሰን ነው። በ1896 በታተመው ጽሑፉ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናገኘውን ቀመር አቆመ፤ የሁለቱን መለኪያዎች ከየአማካያቸው ያላቸውን ርቀት እያባዙ መደመር፣ ከዚያ በስርጭታቸው ማካፈል። ከዚያ በኋላ አንዲት ነጥብ ሳያስቀምጡ፣ ወረቀት ላይ ምንም ሳያዩ አርን፣ ማለትም ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 የሚዘልቀውን የተዛምዶ ቁጥር፣ ማግኘት ተቻለ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ሥራው ከሠሪው ዓይን ነጻ ወጣ፣ ሁለት ሰዎች አንድ መልስ ላይ መድረስ ቻሉ። ጉዳቱ ግን ቁጥሩ ብቻውን አገር ለአገር መዞር መጀመሩ ነው። የዚህን ታሪክ ጥቁር ገጽ መዝለልም አይገባም። «የተሻለ ዘር» ማርባትን የሚሰብከውን ዩጀኒክስ የሚባል አስተሳሰብ በ1883 ስም የሰጠው ጋልተን ነው፤ ፒርሰንም በ1911 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጋልተን ስም የተሰየመውን የዩጀኒክስ ፕሮፌሰርነት የመጀመሪያው ሆኖ ያዘ። ዩኒቨርሲቲው የሁለቱንም ስም ከሕንፃዎቹ ላይ ያነሳው በ2020 ነው። ቤተሰብ ውስጥ ያለን የቁመት ወይም የአእምሮ ተዛምዶ ለክቶ፣ «ስለዚህ ሁሉ ነገር በዘር ነው» ብሎ ለመደምደም ምግቡን፣ ትምህርቱንና የኑሮውን ደረጃ ከዓረፍተ ነገሩ ማስወጣት ያስፈልጋል። ያን ያህል የተማሩ ሰዎች ያን ያህል ትልቅ ስሕተት ሲሠሩ፣ ስሕተቱ የማባዛትና የማካፈል አልነበረም።

ዩል በ1926 ወደዚሁ ጉዳይ ተመለሰ። በጊዜ ቅደም ተከተል የተመዘገቡ ሁለት ነገሮች አንዳች ግንኙነት ሳይኖራቸው ለምን ትልቅ ተዛምዶ እንደሚያሳዩ ጠየቀ። ምሳሌው የታወቀ ሆኗል፤ ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝና በዌልስ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተፈጸሙ ጋብቻዎች ድርሻና የሞት መጠን፤ ተዛምዷቸው 0.95 ይሆናል። ተክሊል ይገድላል የሚል የለም። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት በዘመን ብዛት ሲቀንሱ የኖሩ ናቸው፤ አንዱ በሃይማኖት ልማድ መላላት፣ ሌላው በጤና መሻሻል። እንግዲህ 0.95 በቀመር ደረጃ እንከን የለበትም፤ እንከኑ የሚታየው በዓረፍተ ነገር ሲነገር ነው። የሥዕሉን ድርሻ ደግሞ ከማንም በላይ ያስረዳው ፍራንሲስ አንስኮምብ ነው። በ1973 እያንዳንዳቸው 11 ነጥቦች ያሏቸው አራት የቁጥር ስብስቦችን ሠርቶ አሳተመ። የአራቱም የአግድም አማካይ 9፣ የሽቅብ አማካያቸው 7.5፣ ተዛምዷቸው 0.82 ገደማ፣ የሚገጥማቸው መስመርም አንድ ዓይነት ነው። ሲሳሉ ግን የመጀመሪያው ተራ የነጥብ ደመና ነው፤ ሁለተኛው ጎበጥ ያለ ቅስት፤ ሦስተኛው አንዲት ነጥብ ብቻ ያፈነገጠችበት ቀጥ ያለ መስመር፤ አራተኛው ዐሥር ነጥቦች በአንድ ዓምድ ተደርድረው አንዲት ብቻ ሩቅ ቆማ ተዛምዶውን ሁሉ የፈጠረችበት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አራቱን አንድ ናቸው ብሎ ይምላል።

ሥዕሉ ራሱ ጎድሎ ሲቀርብ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው መራራ ምሳሌ የቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር ነው። በጥር 1986 በመወንጨፊያው ዋዜማ ብርድ ይወርዳል ተብሎ ስለተተነበየ፣ መሐንዲሶቹ ብርዱ የሮኬቱን የጎማ ቀለበቶች ይጎዳል ወይ ብለው ሲከራከሩ አመሹ። የታዩት ቀለበት የተጎዳባቸው በረራዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ብቻ ሲታዩ ጉዳቱ በብርድም በሙቀትም የደረሰ ስለሚመስል ግንኙነት አይታይም። ያልተጎዱት በረራዎች ቢጨመሩ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። አጣሪ ኮሚሽኑ ኋላ እንደገለጸው፣ ቀለበቶቹ 63 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በታች በነበሩባቸው አራት በረራዎች በሙሉ ጉዳት ታይቷል፤ 66ና ከዚያ በላይ በነበሩባቸው ወደ 20 የሚጠጉ በረራዎች ግን በሦስቱ ብቻ። መንኮራኩሩ በማግስቱ ጠዋት ተወነጨፈ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ያንን ሌሊት ለማትረፍ ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም ነበር፤ የትኞቹ ነጥቦች ቀሩ ብሎ መጠየቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊማረው የሚችል ልማድ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተማሪው አንድ ነገር ብቻ ይዞ እንዲወጣ ሊገፋፋው ይችላል፤ ተዛምዶ ማለት ምክንያት ማለት አይደለም የምትለዋን። ይህች አባባል በየክፍሉ እንደ ጸሎት ትደገማለች። እውነት ናት፤ ግን ብቻዋን ስትያዝ ከስንፍና አትሻልም። የሲጋራን ታሪክ የምናነሳው ለዚህ ነው። በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የሳንባ ካንሰር የያዛቸው 709 ታካሚዎችን ከሌሎች 709 ታካሚዎች ጋር አነጻጽረው ሲጋራ ማጨስ ከበሽታው ጋር በብርቱ እንደሚዛመድ አሳዩ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ዊንደርና ግራሃም ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። በ1951 ደግሞ ዶልና ሂል ወደ 40,000 የሚጠጉ የብሪታንያ ሐኪሞችን የማጨስ ልማድ መዝግበው ማን በምን እንደሚሞት መከታተል ጀመሩ። የተቃወማቸው ተራ ሰው አልነበረም፤ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። ተዛምዶ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ምናልባት ሰውን ለማጨስ የሚያዘነብለውም ለካንሰር የሚያጋልጠውም አንድ የዘር ባሕርይ ሊሆን ይችላል አለ። ፊሸር ፒፓ የማይለየው አጫሽ ነበር፤ የትምባሆ አምራቾች አማካሪም ነበር። ክርክሩ ግን በዚህ ብቻ ውድቅ አይሆንም፤ በሐሳብ መመለስ ነበረበት። የመለሰው ጄሮም ኮርንፊልድ ነው። በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ አጫሾች ከማያጨሱት በዘጠኝ እጥፍ የሚታመሙት በስውር ባሕርይ ከሆነ፣ ያ ባሕርይ በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ በዘጠኝ እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ የታል? ሲል ጠየቀ። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሪፖርት ማጨስ ካንሰር ያስከትላል ብሎ በግልጽ ጻፈ፤ በ1965 ሂል ከተዛምዶ ወደ ምክንያት ለመሻገር የሚመዘኑ ዘጠኝ ነገሮችን ዘረዘረ።

በዚያው በ1965 የሆነ አንድ ነገር ለመምህራን ልዩ ትምህርት ይሆናል። ዳሬል ሃፍ የተባለ ጋዜጠኛ በ1954 በስታቲስቲክስ እንዴት እንደሚዋሽ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ተነበበ፣ ትውልድ ቁጥርን እንዲጠራጠር አስተማረ። ይኸው ሃፍ በ1965 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ለትምባሆ ኩባንያዎች ወገን መሰከረ። ሽመላ ባለበት ሰፈር ልጅ ይበዛል የሚለው ቀልድና የሲጋራው ማስረጃ ይመሳሰላሉ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለእሱ አንድ እንደሚመስሉት ተናገረ። መጠራጠርን የተማረ፣ ግን ጥርጣሬውን መመዘን ያልተማረ ሰው ለሻጭ ምን ያህል እንደሚመች ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። ስለዚህ ተማሪው ሦስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ መጻፉ አይበቃውም፤ ያ ሦስተኛ ነገር ምን እንደሆነና በሁለቱም ላይ በየት አቅጣጫ እንደሚሠራ መጻፍ አለበት። ጥሩ አራሚዎች የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው።

ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ዘግይቶ ነው የሰማው። ለረጅም ዘመን ስታቲስቲክስን የሚማሩ ተማሪዎች ተዛምዶን የሚያውቁት በአምስት ዓምድ ሠንጠረዥ ነበር፤ ሁለቱ መለኪያዎች፣ ብዜታቸው፣ የእያንዳንዳቸው ስኩዌር፣ ከዚያ ድምሩ። የክፍለ ጊዜው ላብ ሁሉ እዚያ ያልቃል፤ ቁጥሩ ሲገኝ ደወል ይደወላል። ነገሩን ያነቃነቀው ጆን ቱኪ ነው፤ በ1977 ባወጣው መጽሐፉ ከማስላት በፊት መረጃን በሥዕል መመርመርን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገው። በ1980ዎቹ የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርና የሒሳብ መምህራን ምክር ቤት አብረው ለትምህርት ቤቶች መጻሕፍት አዘጋጁ፤ ምክር ቤቱ በ1989 ባወጣው መመዘኛ ስታቲስቲክስን በየክፍሉ አስገባ። ከዚያ በ1997 ኤፒ ስታቲስቲክስ የተባለው የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ፤ የተፈተኑት 7,500 ገደማ ነበሩ፣ ኋላ ግን በዓመት ከ200,000 አልፈዋል። የፈተናው ግማሽ ነጥብ የተሰጠው በጽሑፍ ለሚመለሱ ስድስት ጥያቄዎች ነበር፤ እያንዳንዱ መልስ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ተነብቦ ከ0 እስከ 4 ይሰጠው ነበር። በዚያው ዘመን ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር በተማሪው እጅ ስለገባ የአምስት ዓምዱ ላብ ቀረ። (የሚገርመው በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ካልኩሌተር መስመሩን ሲያወጣ አርን አያሳይም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ትእዛዝ ማብራት ያስፈልጋል። ማን እንዳሰበው ባይታወቅም ጥሩ አስተማሪ ነው።)

ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል በአንድ እውነተኛ ሥዕል እንይ። ዶል በ1955 ያሳተመው፣ በ1964ቱ ሪፖርትም የገባ የነጥብ ሥዕል አለ፤ 11 አገሮች፣ በአግድም በ1930 የነፍስ ወከፍ የሲጋራ ፍጆታ፣ በሽቅብ በ1950 በሳንባ ካንሰር የሞቱ ወንዶች ከሚሊዮን ስንት እንደሆኑ። የሃያ ዓመቱ ልዩነት ሆን ተብሎ ነው፤ በሽታው ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ ተማሪ «ጠንካራ አዎንታዊ ተዛምዶ አለ፤ አር 0.73 ነው» ብሎ ያልፋል። ይህ ስለ አተርም ስለ ባቡርም ሊባል ይችላል፤ ስለ ምን እንደሚናገር አያስታውቅም። ሌላው እንዲህ ይጽፋል፦ «በ1930 በነፍስ ወከፍ ብዙ ሲጋራ በተጨሰባቸው አገሮች በ1950 በሳንባ ካንሰር የወንዶች ሞት በአማካይ ከፍ ያለ ነው። ነጥቦቹ በግምት ቀጥ ያለ መስመር ይከተላሉ፤ ግንኙነቱ መካከለኛ ጥንካሬ አለው። አሜሪካ ከሁሉ የበለጠ ፍጆታ እያላት ሞቱ ከብሪታንያ ከግማሽ በታች ስለሆነ ከሌሎቹ ተለይታለች።» ይህኛው አቅጣጫውን፣ ቅርጹን፣ ጥንካሬውንና ያፈነገጠችውን ነጥብ አንድ በአንድ ተናግሯል፤ ሁሉንም ደግሞ በሲጋራና በሞት ቋንቋ ነው። ነጥቧን ማየቱም ለወግ አይደለም፤ አሜሪካ ብትወጣ ተዛምዶው ከ0.9 በላይ ይሆናል። አሜሪካውያን አጫሾች ሲጋራቸውን ሳይጨርሱ ረዘም ያለ ቁራጭ ይጥላሉ የሚል ማብራሪያ ቀርቦ የሲጋራ ቁራጭ እስከ መለካት ተደርሷል። ጎበዙ ተማሪ አንድ ነገር ሊጨምር ይችላል፤ እነዚህ ነጥቦች አገሮች እንጂ ሰዎች አይደሉም። ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 እንዳሳየው ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በ1930ው የአሜሪካ ቆጠራ ከውጭ የመጡ ሰዎች የበዙባቸው ግዛቶች ማንበብ የማይችል ሰው ያነሰባቸው ነበሩ፤ በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ማንበብ የማይችሉት ድርሻ ከአገሬው ይልቅ በመጤዎቹ ዘንድ ከፍ ያለ ነበር። መጤዎቹ ትምህርት ወደተስፋፋባቸው ግዛቶች ስለሄዱ ነው።

ሒሳብ አዋቂዎች ዓይን ይዋሻል፣ ቁጥር አይዋሽም ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። በ1982 ክሊቭላንድ፣ ዲያኮኒስና ማክጊል ባሳተሙት ጥናት፣ ነጥቦቹ ሳይለወጡ በዙሪያቸው ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ሲሰፋ ተመልካቾች ተዛምዶው የበረታ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ይቅር የሚል የለም፤ ጋልተን ራሱ በመጨረሻ ቁጥር ፈልጓል። ክርክሩ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ላላየው ነገር ቁጥር የሚሰጥ ተማሪ ቁጥሩ ሲሳሳት አያውቅም። ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የመምህራኑ ነው፤ የጽሑፍ መልስም ይሸመደዳል ይላሉ። አቅጣጫ፣ ቅርጽ፣ ጥንካሬ፣ ያፈነገጠ፤ ተማሪው አራቱን ቃል በልቡ ይዞ ስሞቹን ብቻ እየለወጠ ይሞላል። ይህ በእርግጥ ይታያል፤ ፈተና ባለበት ሁሉ ቅጽ ይወለዳል። ቢሆንም ቅጹን የሚሞላ ተማሪ ቢያንስ ምን እንደተለካ ማንበብ ይኖርበታል፤ ቀመሩን የሚሞላው ግን ይህንንም አይገደድም። ቅጹ የማይሠራባቸውን ጥያቄዎች መጠየቅ ደግሞ የመምህሩ ፋንታ ነው፦ ይህች ነጥብ ለምን ተለየች? የትኞቹ ነጥቦች ቀሩ? መረጃው ስለ ማን አይናገርም?

ቋንቋን የሚመለከት ሌላ ተቃውሞ ደግሞ ወደ እኛም ይመጣል። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚማር፣ እቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ በእንግሊዝኛ ረጅም መልስ ሲጠየቅ የሒሳብ ችሎታው በቋንቋው ይመዘናል የሚል ቅሬታ አለ። ቅሬታው መሠረት አለው፤ ግን ከላይ ያለውን ጥሩ መልስ ብናየው ያጌጠ ቃል አንድም የለበትም። የሚፈለገው አጭርና ልኩን የጠበቀ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚያስቸግረው «በአማካይ»ን መዘንጋት ሲመጣ ነው፣ ያ ደግሞ የሁሉም ተማሪ ችግር ነው። አገር ቤት ያለው እንቅፋት ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ወረቀት በእጅ ማረም አይቻልምና ምክንያቱ ይገባል። ከፈተናው በፊት ባሉት ዓመታት ግን መምህሩን የሚከለክለው ፈተናው አይደለም። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር ማጻፍና ዐሥሩን አንብቦ በክፍሉ ፊት መተቸት ይቻላል። ኮምፒውተርም ካልኩሌተርም አያስፈልግም። የአንስኮምብ አራት ስብስቦች በድምሩ 44 ነጥቦች ናቸው፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይበቃሉ፤ መምህሩ አማካዩንና ተዛምዶውን ከሥራቸው ጽፎ፣ ቁጥሩ አንድ የሆነው ለምን እንደሆነ ሳይሆን ሥዕሉ የተለያየው ስለ ምን እንደሆነ ተማሪዎቹን ያጽፍ።